እሑድ ከሰዓት ስፌት መስፋት ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት?

የሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 22

ለዚህ መድረክ እህቶችና ወንድሞች ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በቤታችን ጠብ ሳያስነሣ ግን ሳይፈታም የቆየ አንድ ጉዳይ ላማክራችሁ እወዳለሁ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ፤ የምኖረውም ከባለቤቴ፣ ከወንድ ልጄ፣ ከሴት ልጄና ከአማቴ ጋር ነው። ከሥራና ከቤት ኃላፊነት ውጭ ለራሴ ደስታ ብዬ የምሠራው ነገር ቢኖር ስፌት ነው። ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ የዳቦ ሌማት እሰፋለሁ፤ አሁን ደግሞ ከእግሩ እስከ ክዳኑ ሙሉ መሶብ ጀምሬአለሁ። ለገበያ አላቀርብም፤ የሰፋሁትን ለዘመድና ለወዳጅ እሰጣለሁ፣ የቀረውን በቤታችን እንገለገልበታለን።

ችግሬ ጊዜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ እውላለሁ፤ ማታ ራት፣ የልጆች የቤት ሥራና የነገ ምሳ ዕቃ ይጠብቀኛል። ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ መብራት ካለ እንጀራ እጋግራለሁ። የሚተርፈኝ እሑድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አማቴ ግን እሑድ ወስፌ እንዲነሣ ፈጽሞ አይወዱም። እሑድ ብቻም አይደለም፤ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ፤ በእነዚህ ቀናት ማታ ከሥራ ተመልሼ አክርማ የሚባለውን የስፌት ሣር ውኃ ውስጥ ስነክር ካዩኝ ፊታቸው ይለወጣል። ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ስፌትን ከመነሻው ጀምረው ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ በውስጥ የሚገባው ሣር፣ ስንደዶው፣ ስንት ተደርጎ እንደሚያዝ፣ አክርማው ምን ያህል እንደሚሰነጠቅ፣ በቀለም የተነከረው ዓለላ በየትኛው ዙር እንደሚገባ ሁሉንም ከእጃቸው ነው ያየሁት።

የሚከነክነኝ ይህ ነው። እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ተከታታይ ድራማ ሲመለከት ሰንበት ተሻረ የሚል የለም። ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲውሉም የሚቆጣ የለም። ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል፤ እርሱም አልተከለከለም። ሴት ልጄን ከአጠገቤ አስቀምጬ፣ ዓለላውን በየቀለሙ እያስለየኋት፣ ጥቂት ዙር ብሰፋ ግን ሥራ ይባላል። ልጄ ደግሞ እጇ ሥራ ይዞ ዓይኗ እኔን በማያይበት ጊዜ የምትነግረኝን፣ ፊት ለፊት አስቀምጬ ብጠይቃት አትነግረኝም። ልጆች ያሏችሁ ይገባችኋል።

በእናንተ ቤት ይህ ነገር እንዴት ይታያል? በተለይ የአማታችሁን ወይም የእናታችሁን ቃል ሳታቃልሉ መላ ያገኛችሁለት ካላችሁ ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።


ዳንቴል፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 22

እህቴ፣ እኔ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ስለሆንኩ የወር በዓላት በቤታችን አይከበሩም፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ይገባኝ እንደሆነ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ የጻፍሽው ነገር መልኩን ለውጦ በእኛም ዘንድ አለ። እኔ በኪሮሽ ዳንቴል እሠራለሁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዳንቴሌን ይዤ ብቀመጥ ቀኑን ሻርሽ የሚለኝ የለም፤ ነገር ግን "ለዚህ የሚሆን ጊዜ ካለሽ ለምን የሴቶች ኅብረት ላይ አትገኚም?" የሚለኝ አይጠፋም። ባሌ ጓደኞቹን ለማግኘት ሐይቅ ዳር ወርዶ ከሰዓቱን ሙሉ ሲቆይ ይህን ጥያቄ የሚያቀርብለት አላየሁም።

መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ሥራን በሴት ላይ እንደ ነውር አይቆጥርም። በምሳሌ 31 የተመሰገነችው ሴት የበግ ጠጉርና የተልባ እግር ፈልጋ በእጆቿ የምትሠራ ናት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ በሞተች ጊዜ፣ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ምን እንደ ተናገረች አንድም ቃል አልተጻፈም፤ የሰፋችው ግን ተጽፎላታል። እኔም ይህን እያሰብኩ ለአራስ ልጆች ኮፍያ መሥራት ጀምሬአለሁ፤ እውነት ለመናገር ግን ኮፍያውን የምሠራው ለበጎ አድራጎት ብቻ ሳይሆን ክሩ በጣቴ ሲያልፍ ስለሚያስደስተኝም ነው። ሴት ደስ ያላትን ነገር ለማድረግ የግድ በጎ አድራጎት የሚል ስም ልትሰጠው ይገባል ወይ? ይህንንም ብትወያዩበት እወዳለሁ።


የቀድሞ ዲያቆን፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 23

እህታችን ያነሣችው ጉዳይ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ሥር ያለው ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ከእሑድ ጋር ቅዳሜም እንደ ሰንበት መከበር አለባት በማለታቸው ብዙ መከራ ደርሶባቸዋል፤ አባ ኤዎስጣቴዎስም አገራቸውን ለቀው ሄደው በአርመን ምድር ዐርፈዋል። ክርክሩ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ሰብስበው፣ ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማምተው፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ቅዳሜን ዛሬም ቀዳሚት ሰንበት የምንላት በዚህ ሥርዓት ነው፤ በዓመት ውስጥ ከቀዳም ሥዑር በቀር የማትጾመውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሠረት ከተነጋገርን፣ እሑድ ወስፌ የሚያስቆጣው ቤት ቅዳሜ የልብስ ሳፋ ሲደረደር ምን ይላል? አብዛኞቻችን ቅዳሜን ለልብስ አጠባ አሳልፈን ሰጥተን እሑድን አጥብቀን ይዘናል። ይህን የምለው አማትሽን ለመንቀፍ አይደለም፤ አከባበራችን በመጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ በቤት ልማድ የሚመራ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሌላው ነገር፣ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደ ነበር በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል፤ በሥዕሎቻችንም ላይ እንዝርት ይዛ ትታያለች። የእጅ ሥራ ከጸሎት ጋር እንደማይጣላ ይህ ሥዕል ያስረዳል። ሆኖም ስለ በዓል ቀን የሚናገረው ነገር ስለሌለ ለአማትሽ ማስረጃ አድርገሽ እንዳታቀርቢው፤ እርሳቸውም ይህን ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ጉዳዩን በመድረክ ከመጨረስ ይልቅ የንስሐ አባትሽን ብታማክሪ ይሻላል።


እውነቱን ለመናገር፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 23

እህቴ ሆይ፣ ሐሳቤ ከብዙዎቹ ይለያልና አትቀየሚኝ። የቴሌቪዥኑ ነገር አላሳመነኝም። ሌላው ሰው ቀኑን በከንቱ ማሳለፉ የእኔን አዋዋል ትክክል አያደርገውም። እሑድ የክርስቲያን የመጠየቂያ ቀን ናት፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ አራስ ትጎበኛለች፣ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አለ። ወስፌ የያዘች ሴት ከቤቷ አትወጣም። በእኔ ሰፈር ጎረቤቶቼን የማውቃቸው እሑድ ከሰዓት ስለምዞር ነው። አንቺ የምትሰፊው መሶብ ውብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዙሪያው የሚቀመጥ ሰው የሚገኘው አንቺም ከሰው ቤት ስትሄጂ ነው።


አባወራ፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 23

በእኛ ቤት ባለቤቴ እሑድ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ እኔም ጋዜጣ አነባለሁ፤ ሰማዩ እስካሁን አልተደፋብንም። እናቴ ከእኛ ጋር ስለማትኖር ሊሆን ይችላል።


እማማ ፈታይ — ሐምሌ 24

ልጄ፣ የጻፋችሁትን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እርሷ ናት።

እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። በዚያን ዘመን ለሴት ልጅ ሥራ ማለቂያ አልነበረውም። ዶሮ ሲጮኽ ትነሣና ወፍጮ ላይ ትደፋለች፤ ሲነጋ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፤ ከዚያ እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው አለ። ማታ ሰው ሁሉ ጋደም ሲል እርሷ ኩራዝ አብርታ ጥጥ ስትፈትል ታመሻለች። ጥጡን የምትዳምጠው፣ የምታባዝተው፣ የምትፈትለው እርሷ ናት፤ የባሏ ጋቢ፣ የልጆቿ ነጠላ፣ የራሷ ቀሚስ ሁሉ ድሩና ማጉ ከእርሷ እንዝርት ወጥቶ ነው ወደ ሸማኔ የሚሄደው። ይህችን ሴት ማን ያሳርፋታል? ባሏ ዕረፊ አይላት፤ አማቷም እንዲሁ ሆና ያረጀች ስለሆነች አትላትም። የሚያሳርፏት ሚካኤልና ማርያም ነበሩ። "ዛሬ ሚካኤል ነው" ካለች ወፍጮው ዝም ይላል፤ ጌታም ቢሆን ባልም ቢሆን አስነሥቶ ሊያስፈጫት አይደፍርም፣ ይፈራል። ቤቱ ዱቄት ቢያልቅበት እንኳ ከጎረቤት ይበደራታል እንጂ አትፈጭም። እኛ በዓላትን የምንወዳቸው ታቦቱን ስለምናከብር ነው፤ ግን ወገባችንም ያውቃቸው ነበር።

ስለዚህ አማትሽ ወስፌውን አስቀምጪ ሲሉሽ እንዲያው ለማስቸገር እንዳይመስልሽ። በዚያ ዘመን "ትንሽ ብቻ ልፍተል" ያለች ሴት ለራሷ ብቻ አልነበረም የምታበላሸው። አንዷ በማርያም ቀን ከፈተለች የሌላዋ ባል "እገሌ ትፈትል የለምን?" ይላል። አጥሩ በአንድ በኩል ከተነቀለ ለሁሉም ተነቀለ ማለት ነው። አማትሽ የሚጠብቁት ይህን አጥር ይመስለኛል፤ ከብቱ ከሄደ ብዙ ዘመኑ ቢሆንም።

የአንቺ ስፌት ግን እንደዚያ አይደለም። አንቺ ብትተዪው ማንም ሳይለብስ አያድርም፤ እንጀራችሁም ቢሆን ከሌላ ዕቃ ላይ ይበላል። እኔ የማስጠነቅቅሽ ሌላ ነው። መሶቡ ሲያምር አንዷ ጎረቤት ትመጣና "ለልጄ ሠርግ እንዲህ ያለ ስፊልኝ" ትላለች። ገንዘብ ትሰጥሻለች፣ ቀንም ትቆርጣለች። የዚያን ቀን ስፌትሽ ሥራ ሆነ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ ሥራ ሆነ። በእኔ ዕድሜ ያየሁት ልዩነት ይህ ነው፤ ቀነ ቀጠሮ ያለው ስፌት ሥራ ነው፣ ቀነ ቀጠሮ የሌለው መጫወቻ ነው። ለማንም ቀን እንዳትቆርጪ።


የአዳማዋ፣ አዳማ — ሐምሌ 24

እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት፣ "እውነቷን ነው" ብላ ዝም አለች።

እህቴ የሐይቅ ዳር፣ የመጀመሪያ ጽሑፍሽን ደግሜ ሳነበው፣ ሁላችንም እሑድ ላይ ስንከራከር አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለፈን አስተዋልኩ። "ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ መብራት ካለ እንጀራ እጋግራለሁ" ብለሻል። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤትሽም ወንድ ልጅሽም የሉም። የእሑድን ነገር ከአማትሽ ጋር ከመፍታትሽ በፊት የቅዳሜን ነገር ከባለቤትሽ ጋር ብትፈቺው ምናልባት የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ ይቀልልሽ ነበር። ለስፌት ጊዜ የምትፈልጊው ከእግዚአብሔር ቀን ላይ ቀንሰሽ ነው፤ ለምን ከልብስ ሳፋው ላይ አትቀንሺም?

እኔ ይህን በቤቴ ስጀምር ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት በሚውልበት ጊዜ ማረፍ ይገባዋል ብዬ አስብ ነበር፣ እርሱም እንዲሁ ያስባል። የተስማማነው በትንሹ ነው፤ ገበያው የእርሱ ሆነ፣ ወንዱ ልጃችን የራሱን ዩኒፎርምና ካልሲ ማጠብ ጀመረ። እናቴ "ወንድ ልጅ ሳፋ ላይ ተጎንብሶ!" ብላ እንዳላየች ለመሆን ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በየመኝታ ክፍሉ ወንዶቹ ሁሉ ልብሳቸውን በእጃቸው እንደሚያጥቡ፣ ያልለመደው ልጅ እዚያ ሲደርስ እንደሚቸገር ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ሳሙና እያቀበለች ታስተምረዋለች።

ስለ ስፌቱም አንድ ነገር ልጨምር። አዳማ ሙቀት ስለሆነ አክርማ ቶሎ ደርቆ ይሰበርብኛል፤ ስለዚህ የነከርኩትን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። እንዲህ ሲሆን ስፌት ለመቀመጥ ሙሉ ከሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወጡ እስኪበስል ጥቂት መስፋት ይቻላል። አክርማ መሰንጠቁንና ስንደዶ መምረጡን ደግሞ በሥራ ቀን ምሽት ልጆቹ እያጠኑ ከአጠገባቸው ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ።


የሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 26

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ ፈታይ የጻፉትን ለአማቴ ሳነብላቸው ወፍጮው ጋ ስደርስ አስቆሙኝና የእናታቸውን ነገር ያወሩልኝ ጀመር፤ እኔም ማንበቡን ትቼ ሳዳምጥ አመሸሁ። ለካ እስከ ዛሬ "በዓል ነው" ሲሉኝ ምክንያቱን ጠይቄአቸው አላውቅም ነበር፤ እርሳቸውም ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አድርገው አልቆጠሩትም።

"እውነቱን ለመናገር" ለምትለው እህቴ፦ መጠያየቅን በተመለከተ የተናገርሽውን እቀበላለሁ፤ በተለይ የገብርኤል ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ስለሚሆን፣ እንግዳ ሲሸኝ ጎረቤትን የመጠየቅ ዕዳ ይጠራቀምብናል። የቴሌቪዥኑን ነገር ያነሣሁት ግን ስፌትን ለማጽደቅ አይደለም። ዕረፍት የምንለው ነገር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብቻ ከሆነ ልጆቻችን ከእኛ ምን እያዩ ያድጋሉ የሚለው ነው ያሳሰበኝ። ዳንቴል ላነሣሽው ጥያቄ የራሴ መልስ፣ አይገባትም የሚል ነው። ባለቤቴ ኳስ ሲያይ ለድሆች ብሎ አያይም።

የአዳማዋ እህቴ፣ የአንቺን ጽሑፍ ያነበበው ባለቤቴ ራሱ ነው፤ ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። በመጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ "ዓረፍተ ነገሩን አርሚውና እኔንም አስገቢኝ" አለ። መምህር ስለሆነ ከሰዋስው አልፎ አይነካውም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ቅርጫቱን ይዞ ራሱ ገበያ ወጣ። ፍልሰታ ሳይገባ ብሎ ወደ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣም ይዞ መጥቷል፤ በዋጋው መከራከሩ እንዳስደሰተው ከፊቱ ያስታውቃል። የገዛው ቲማቲም ግን እጅግ የበሰለ ስለነበር ዛሬውኑ ወደ ድስት ገብቷል። አማቴ ልጃቸው ገበያ መውጣቱን በዝምታ አለፉት፤ የልጅ ልጃቸው ካልሲ ማጠቡን ግን ገና አልተቀበሉትም፣ ከእጁ ነጥቀው ራሳቸው ሊያጥቡ ይቃጣቸዋል።


የቀድሞ ዲያቆን፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 26

ባለቤትሽን በርቱ በሉልኝ። ነገር ግን የቅዳሜ ከሰዓትሽ ከልብስ አጠባ ነጻ ወጥቶ ለስፌት ሲውል፣ ቀዳሚት ሰንበት ናት የሚል ሰው ቢመጣብሽ እኔ የለሁበትም።


እውነቱን ለመናገር፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 27

ዲያቆን፣ ለዚህስ ቅዳሜን ያነሣኸው አንተ ነህ፤ መውጫውንም አብረህ ፈልግ።

እህቴ የሐይቅ ዳር፣ መልስሽ ደስ አሰኝቶኛል። አሁንም እሑድ ለሰው ናት ከሚለው አልወርድም። ሴት ልጅሽን ይዘሽ ሕሙም ጠይቂ፤ በመንገድ ላይም ልጅ ታወራለች።


ዳንቴል፣ ሐዋሳ — ሐምሌ 27

በመንገድ ላይ ልጅ ታወራለች የሚለው እውነት ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ከሆነ ግን ሹፌሩ ስለሚሰማ የእኔዋ ቃል አይወጣትም። በእግር ሂዱ።


የሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ — ነሐሴ 18

ፍልሰታን በሰላም ስላስፈጸመን እግዚአብሔር ይመስገን። በጾሙ ሳምንታት ወስፌውን ሰቅዬ ስለነበር፣ ወደዚህም አልገባሁም። አማቴ ጠዋት ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲሰሙ ይቆዩ ነበር፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከእርሳቸው ጋር ሄደው ሲቆርቡ ሰነበቱ። ብዙዎቻችሁ ምን ላይ እንደ ደረስን በግል ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው።

የንስሐ አባታችንን አማክሬአለሁ። እሑድንና ዐበይት በዓላትን ተዪ አሉኝ፤ ምክንያታቸውም ስፌት ኃጢአት ስለሆነ ሳይሆን፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ ሰንበት የምትለውን ሌላዋ የምትሰፋበት ከሆነ ልጆቹ በመካከል ይቆማሉ የሚል ነው። ስለ ወር በዓላት ስጠይቃቸው ደግሞ መልሰው እኔን ጠየቁኝ፤ "በ12 ቀን ቢሮ ገብተሽ ሂሳብ ስትሠሪ ትውያለሽ፤ አማትሽ ይህን ምን ይሉታል?" አሉ። የመንግሥት ሥራ ግዴታ ነው እንደሚሉ ነገርኳቸው። "እንግዲያስ ምሽቱን ከእርሳቸው ጋር ተስማሙበት" ብለው ተዉት። ግልጽ ፈቃድ ወይም ግልጽ ክልከላ ጠብቄ ስለነበር በዚህ መልስ ሙሉ በሙሉ አልረካሁም፤ ነገሩ ተመልሶ እኔና አማቴ ጋ መጣ።

ከአማቴ ጋር የደረስንበት ይህ ነው። የሃያ አንድ ቀን ማርያምንና የሃያ ዘጠኝ ቀን በዓለ ወልድን ወስፌ አይነሣም። በሌሎቹ የወር በዓላት ምሽት እርሳቸው አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ፤ እኔም በፊታቸው ሳሎን ውስጥ አልሰፋም፣ ከልጄ ጋር መኝታ ቤት እንገባለን። መደበቅ አይመቸኝም፤ ነገር ግን እርሳቸውም ማወቃቸውን እኔም ማወቃቸውን ማወቄን ስለምናውቅ መደበቅ ብሎ መጥራቱም ይከብደኛል። ሚካኤል ላይ አልተስማማንም። እሑድ ከሰዓት ከሴት ልጄ ጋር በእግር እንወጣለን፤ የታመመች ጎረቤታችንን እንጠይቃለን፣ ሲመሽም በፍቅር ሐይቅ በኩል ዞረን እንመለሳለን። በዚህ ረገድ "እውነቱን ለመናገር" ረትታኛለች፤ ልጄ በመንገዱ ላይ የምትነግረኝ ከስፌቱ ላይ ካለው አያንስም።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን የእኔ ሆናለች። ባለቤቴ ገበያውን ይዞታል፤ ቲማቲም መምረጥም እየለመደ ነው። ልጄ ካልሲውንና ዩኒፎርሙን ያጥባል፤ አማቴም እርሱ ያጠበው አንገትጌ ከእኔ የተሻለ መንጻቱን ተናግረዋል፤ ይህን ለእኔ ለመንገር ይሁን እርሱን ለማመስገን አልገባኝም። የመሶቡ እግር አልቆ ገበታው ላይ ነኝ። ሴት ልጄ የራሷን ትንሽ ሙዳይ ጀምራለች፤ አማቴ አጠገቧ ሆነው ዙሩ ሲጣመምባት ያስፈቷታል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ የስፌቱ ነው። ሐምራዊ ያቀለምኩት ዓለላ በዚህ ዝናብ እርጥበት ሲነካው ወደ ነጩ አክርማ እየለቀቀ አበላሸብኝ። ከክዳኑ በፊት ምን ባደርግ ይሻላል?


የአዳማዋ፣ አዳማ — ነሐሴ 18

ካቀለምሽው በኋላ የምታልቀልቂበት ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር አስጪው። የማይለቅ መሆኑን ለማወቅ አንዱን እርጥብ ዘለላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ጨርቁ ከተነካ ገና ነው። አሁን በእጅሽ ያለውን ለሙዳዩ አትስጪያት፤ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋ ሲበላሽባት ትተወዋለች።


እማማ ፈታይ — ነሐሴ 19

ልጄ፣ ሐምራዊውን ከገበታው አርቀሽ ለክዳኑ ጫፍ አድርጊው፤ እዚያ እንጀራም ወጥም አይነካውም። ገበታው ላይ ቀዩንና አረንጓዴውን ተጠቀሚ። ሚካኤልን በተመለከተ ደግሞ አማትሽን አትጫኛቸው፤ ክዳኑ ያለ ሚካኤል ምሽትም ያልቃል።